የአውራ ጣት አጥንት ሲወጣ፦ በጫማና በእንክብካቤ መቆየት ወይስ ኦፕሬሽን?

በእግር አውራ ጣት ሥር፣ በውስጥ በኩል ጉብ ብሎ የሚወጣ ነገር ያለባቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የሰበሰበ ትንተና ከ18 እስከ 65 ዓመት ካሉ ሰዎች 23 በመቶ ያህሉ፣ ከ65 በላይ ካሉት ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። በተለምዶ ቡኒየን ይባላል። ሐኪሞች ሃሉክስ ቫልገስ ይሉታል።

ያለበት ሰው ሲበዛ መካሪውም ይበዛል። አንዱ ሲሊከን ግዢ ይላል። ሌላዋ ማታ ማታ እሰሪው ትላለች። «ሳይብስብሽ ኦፕሬሽን ተደረጊ» የሚል አይጠፋም። «እናቴ ተደርጋ ስንት ወር ስታነክስ ከረመች፣ እንዳትሞክሪው» የሚልም አለ። ሁሉም ያየውን ነው የሚናገረው። የሚዘነጋው ግን ሁለቱ መንገዶች የሚሰጡት ውጤት የተለያየ መሆኑ ነው። ያለ ኦፕሬሽን የሚደረገው እንክብካቤ ህመም ያስታግሳል፣ አጥንት ግን አያቃናም። ኦፕሬሽን አጥንት ያቃናል፣ ግን ወራት ይበላል፤ የራሱ ስጋትም አለው። ይህን ሳይለዩ የገቡበት መንገድ የትኛውም ቢሆን ቅር ያሰኛል።

## የወጣው ምንድን ነው?

ጉብታው አዲስ የበቀለ አጥንት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የበቀለ ነገር የለም። ከአውራ ጣቱ ጀርባ ያለው ረጅም አጥንት ቀስ በቀስ ወደ ሌላኛው እግር አቅጣጫ ይሸሻል። ጣቱ ራሱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሁለተኛው ጣት ያጋድላል። ሁለቱ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ እየሾለ ይወጣል። ጫማ ሲፈትገው ቆዳው ይደነድናል፤ ከሥሩ ያለች ትንሽ የፈሳሽ ከረጢትም ታብጣለች፣ ትቀላለች።

«ታዲያ ጉብታውን ሞርዶ መጣል አይቻልም ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። አጥንቱ ከመስመሩ ወጥቶ ሳለ ጫፉን ብቻ መሞረድ ምንጩን አይነካውም። በጊዜ ሂደት ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

መነሻው አንድ አይደለም። በቤተሰብ የሚወረስ የእግር አሠራር ትልቅ ድርሻ አለው። ጠፍጣፋ እግር፣ ላላ ያለ መገጣጠሚያ፣ ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነትም ያጋልጣሉ። ሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በብዛት ይታያል። ጠባብና ባለ ታኮ ጫማ ችግሩን ያባብሳል፣ ያሳምማልም። ነገር ግን ጠባብ ጫማ አድርገው በማያውቁ ሰዎች ላይም ይወጣል። ስለዚህ ያለፈውን የጫማ ምርጫዎን እያነሱ ራስዎን አይውቀሱ።

መጠኑ የሚለካው ቆመው በሚነሱት ራጅ ነው። ተኝተው የተነሱት ራጅ የሰውነት ክብደት ስለሌለበት መጣመሙን አሳንሶ ያሳያል። የጣቱ ማጋደል ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። እስከ 20 ያለው ቀላል፣ ከ20 እስከ 40 መካከለኛ፣ ከ40 በላይ ከባድ ይባላል፤ አከፋፈሉ ከሐኪም ሐኪም ትንሽ ይለያያል። ዲግሪውና ህመሙ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። እግሯ በጣም ተጣሞ ምንም የማያማት ሴት አለች። ትንሽ ጉብታ ይዛ ጫማ ማድረግ ያቃታትም አለች።

## መጀመሪያ ሌላ በሽታ አለመሆኑን ያረጋግጡ

ይህን ክፍል አይዝለሉት። አውራ ጣት ሥር የሚያም ሁሉ ቡኒየን አይደለም።

በድንገት፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ የሚነሳ፣ መገጣጠሚያውን የሚያቀላና የሚያግል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው የማያስችል ህመም ከሆነ ሪህ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ፈጽሞ ሌላ ነው። ጣቱ ሳይጣመም የማይታጠፍና ሲራመዱ የሚቆረጥም ከሆነ የመገጣጠሚያው ልም አጥንት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ መገጣጠሚያዎች ጠዋት ጠዋት አብረው የሚደርቁ ከሆነ ሩማቶይድ መኖሩ ይመርመር። ቆዳው ተከፍቶ ፈሳሽ የሚወጣው ከሆነ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳት ካለ ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የስኳር ሕመም ያለበትና የእግሩ ስሜት የደነዘዘ ሰው ደግሞ ትንሽ ቁስልም ብትሆን ችላ ሊል አይገባም።

## በምን እንመዝናቸው?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛው ይቅደም። እኔ የምመዝንባቸው ስድስት ናቸው። ህመምን ምን ያህል ይቀንሳል? ቅርጹን ያስተካክላል ወይ? ከሥራና ከቤት ኃላፊነት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ምን ስጋት አለው? ካልተመቸ ማቆም ይቻላል? ወጪው አንዴ የሚከፈል ነው ወይስ የሚደጋገም?

ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለአምስተኛው፣ ማለትም «ማቆም ይቻላል?» ለሚለው ነው። ጫማ ካልተመቸ ይወልቃል። የተቆረጠ አጥንት ግን ወደነበረበት አይመለስም። ይህ ኦፕሬሽንን ለመጥላት የቀረበ ምክንያት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይወስናል።

## ጫማ

ከሁሉም አማራጮች ብዙ የሚጠቅመው፣ ብዙ ሰው ደግሞ በቅጡ ሳይሞክረው የሚያልፈው ጫማ ነው። «ሰፊ ጫማ አደርጋለሁ» የሚል ሰው እግርና ጫማው ሲለካ ጫማው ከእግሩ ጠቦ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ቀላል መፈተኛ አለ። ወረቀት ላይ በባዶ እግር ቆመው የእግርዎን ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ። ቁጭ ብለው አይሁን፤ እግር ሲቆሙበት ይሰፋል። ከዚያ በየቀኑ የሚያደርጉትን ጫማ ሥዕሉ ላይ ያስቀምጡ። የእግርዎ መስመር ከጫማው ውጭ ከታየ ጫማው በየቀኑ እየጨመቀዎት ነው።

ሲገዙ ከሰዓት በኋላ ይግዙ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበት ያብጣል። ሁለቱንም እግር ይለኩ፣ ለተለቀው ይግዙ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። አፍንጫው ሹል ያልሆነ፣ ጣቶች ውስጡ መንቀሳቀስ የሚችሉበት ይሁን። ጉብታው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስፌት እንዳይኖር በጣት ዳብሰው ይዩ። የላይኛው ክፍል ለስለስ ያለ ቆዳ ወይም ጨርቅ፣ የታችኛው ሶል ጠንከር ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። ታኮው ዝቅ ያለ ይሁን፤ ታኮ ሲረዝም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይገፋና ጣቶቹ ጫፍ ላይ ይጨናነቃሉ። ማሰሪያ ያለው ጫማ እግርን ወደ ኋላ ስለሚይዝ ወደ ፊት ከመንሸራተት ያድናል።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ ስፋት ፍለጋ ቁጥር መጨመር። ጫማው ይረዝማል እንጂ እንደሚፈለገው አይሰፋም፤ እግሩም ውስጡ ይንሸራተታል። የሚፈለገው በዚያው ቁጥር አፍንጫው ሰፋ ያለ ጫማ ነው። ገንዘብ ለማዳን ያለዎትን የቆዳ ጫማ ጫማ ሠሪ ጉብታው ላይ በቅርጽ ወጥሮ ሊያሰፋልዎት ይችላል።

በተስማሚ ጫማ ቢያንስ ሁለት፣ ሦስት ወር በተከታታይ ይቆዩ። ለሥራ ሰፊውን፣ ለድግስ ጠባቡን እያፈራረቁ የሚደረግ ሙከራ ምንም አይነግርዎትም።

## ሲሊከን፣ የማታ ማሰሪያ፣ ሶል

ጉብታው ላይ የሚለጠፍ ለስላሳ መከላከያ ፍትጊያን ይቀንሳል። ርካሽ ነው፣ ይጠቅማል። በጣቶች መሀል የሚገባው ሲሊከን ደግሞ አውራ ጣቱ ሁለተኛውን እንዳይጋፋው ይረዳል። ሁለቱም የሚሠሩት ጫማው ቦታ ካለው ነው። በጠባብ ጫማ ውስጥ ሲሊከን መጨመር መጨመቁን ያባብሰዋል።

የማታ ማሰሪያ ላይ ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ፤ ሰዎች በጣም ተስፋ የሚጥሉበት እሱ ስለሆነ ነው። አስረውት ሲተኙ ጣቱ ቀጥ ይላል። ሲፈቱት፣ ጎንብሶ እንደተለቀቀ ቀንበጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። የአዋቂን አጥንት በዘላቂነት እንደሚያቃና የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። አንዳንድ ሰው መወጠሩ እፎይታ ይሰጠዋል፤ እንዲያ ከሆነ ይጠቀምበት። «ያለ ኦፕሬሽን ያስተካክላል» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ግን አይገባም። የእግሩ ስሜት የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ጠንካራ ማሰሪያ ባያደርግ ይሻላል፤ ቆዳውን እየላጠው ላይታወቀው ይችላል።

ጫማ ውስጥ የሚገባ ሶል በተለይ ጠፍጣፋ እግር ላለው ወይም ከሁለተኛው ጣት ሥር ለሚያመው ሰው ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። 209 ታካሚዎችን በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈለ። አንዱ ቡድን ኦፕሬሽን ተደረገ፣ አንዱ በልኩ የተሠራ ሶል ተሰጠው፣ አንዱ በክትትል ብቻ ቆየ። በስድስተኛው ወር ሶል የተሰጣቸውም ኦፕሬሽን የተደረጉትም ህመማቸው ቀለል ብሎ ነበር። ዓመት ሲሞላ ግን በህመም መቀነስ የበለጡት ኦፕሬሽን የተደረጉት ነበሩ። እኔ ከዚህ የምረዳው ሶል ጊዜ እንደሚገዛ ነው። ጊዜ መግዛት ራሱ ትልቅ ነገር የሚሆንበት ሰው አለ፤ ለምሳሌ ሕፃን የምታጠባ እናት ወይም ሥራ መቅረት የማይችል ሰው።

## ማስታገሻና እንቅስቃሴ

ሲያብጥ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል መያዝ ያቀልለዋል። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ለክፉ ቀን ይሆናሉ። አይቡፕሮፌንን ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። በየቀኑ ማስታገሻ ካልዋጡ መራመድ ካቃተዎት ውሳኔውን እንደገና የሚያዩበት ሰዓት ደርሷል።

የጣት እንቅስቃሴዎች የእግርን ጡንቻ ያጠነክራሉ፣ ድርቀትን ይቀንሳሉ። ወጪ የላቸውም። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አይጠበቅባቸው።

## ኦፕሬሽን

«የቡኒየን ኦፕሬሽን» አንድ ነገር አይደለም። በሕክምና ጽሑፎች ከ100 በላይ ዓይነቶች ተገልጸዋል። ስለዚህ የጎረቤትዎ ልምድ ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል፤ የተሠራላት ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላልና።

ለቀላልና ለመካከለኛ መጣመም ከአውራ ጣቱ ጀርባ ያለው ረጅሙ አጥንት ከጫፉ አካባቢ ተቆርጦ ወደ ቦታው ይገፋና በብሎን ይያዛል፤ ሼቭሮን ይባላል። መጣመሙ ሲጨምር አጥንቱ በርዝመቱ የሚቆረጥበት ስካርፍ የሚባል አለ። በጣም ሲብስ ወይም የዚህ ረጅም አጥንት የኋላ ጫፍ፣ በእግር መሀል ያለው መገጣጠሚያ ሲላላ ላፒደስ የተባለው ይሠራል፤ ያ መገጣጠሚያ ተስተካክሎ እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ ይገጠማል። መገጣጠሚያው ራሱ ተበልቶ ካለቀ የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ እንዳይታጠፍ ሆኖ ይገጠማል። ይህ ያስፈራል፤ ግን ህመም የሚፈጥረው እንቅስቃሴ ስለሚቆም ብዙዎችን ያሳርፋል። ታኮ ማድረግ ግን ይከብዳል።

በትናንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ዘዴ አሁን ተፈላጊ ሆኗል። ጠባሳው ትንሽ ነው። አጥንቱ ግን ያው ይቆረጣል፣ ለመጠገንም ያው ጊዜ ይፈልጋል። የጠባሳውን ማነስ እንደ ፈጣን ማገገም አይቁጠሩት።

## ማገገሙ ምን ይመስላል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦፕሬሽኑ አጭር ነው፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። «በቃ፣ አለፈ» ይላሉ። ከባዱ ግን ገና ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እግርን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ የመቀመጥ ጊዜ ናቸው። ምግብ የሚያቀርብ፣ ልጅ የሚይዝ፣ ደረጃ ላይ የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል። ስፌቱ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይወጣል። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሶሉ የማይታጠፍ ልዩ ጫማ አድርገው በተረከዝ ይራመዳሉ። እንደ ላፒደስ ባለው ሥራ ደግሞ ሐኪሙ ለሳምንታት ጭራሽ እንዳይረግጡበት ሊያዝ ይችላል፤ ያኔ ክራንች ነው። የተሠራው ቀኝ እግር ከሆነ ለስድስት ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ መኪና አይነዳም። ወደ ተለመደ ሰፊ ጫማ መመለስ ከስድስት እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። እብጠቱ ለወራት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ይቆያል።

ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው በሳምንታት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ቆሞ የሚውል አስተማሪ፣ ነርስ ወይም አስተናጋጅ ግን ሁለት፣ ሦስት ወር ይያዝለት። ይህን ያህል ፈቃድ የማያገኝ ሰው ቀኑን ከመቁረጡ በፊት ከአሠሪው ጋር ይነጋገር።

ስጋቶቹ፦ ኢንፌክሽን፣ የጣት መደንዘዝ፣ መገጣጠሚያው መድረቅ፣ አጥንቱ ሳይገጥም መቅረት፣ የደም መርጋት፣ ክብደቱ ወደ ሁለተኛው ጣት ሥር ዞሮ እዚያ ማመም፣ ጣቱ ከልክ በላይ ወደ ሌላው ጎን መታጠፍ፣ መጣመሙ ተመልሶ መምጣት። ጥናቶች ሲደመሩ ከአሥር ታካሚዎች አንዱ ያህል በውጤቱ አይረካም። አብዛኛው ይረካል ማለትም ነው። ሲጋራ የአጥንትን መግጠም ስለሚያዘገይ ብዙ ሐኪሞች አስቀድሞ እንዲቆም ይጠይቃሉ።

## ባጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ህመም | ቅርጽ | የሚወስደው ጊዜ | ስጋት | ማቆም ይቻላል? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሰፊ ጫማ | ለብዙዎች በደንብ ይቀንሳል | አያቃናም | የለም | የለም ማለት ይቻላል | አዎ | መካከለኛ፣ ጫማ ሲያልቅ ይደገማል |
| መከላከያና ሲሊከን | ፍትጊያን ይቀንሳል | አያቃናም | የለም | ጠባብ ጫማ ውስጥ ይጎዳል | አዎ | ዝቅተኛ፣ ይደጋገማል |
| የማታ ማሰሪያ | ለአንዳንዱ | በዘላቂነት አያቃናም | የለም | የደነዘዘ እግር ላይ ቁስል | አዎ | ዝቅተኛ |
| ሶል | በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት | አያቃናም | የለም | ትንሽ | አዎ | የተዘጋጀው ዝቅተኛ፣ በልክ የሚሠራው ከፍተኛ |
| ማስታገሻ | ለጊዜው | አያቃናም | የለም | ጨጓራ፣ ኩላሊት | አዎ | ዝቅተኛ |
| ኦፕሬሽን | ለአብዛኛው በደንብ | ያቃናል፣ ሊመለስም ይችላል | ከስድስት ሳምንት እስከ ወራት | ኢንፌክሽን፣ ድርቀት፣ መመለስ | አይቻልም | ከፍተኛ፣ የቀረ የሥራ ቀን ይጨመርበት |

## ለማን የትኛው?

የማያማቸው፣ መልኩ ብቻ የሚያሳስባቸው። ኦፕሬሽን አይመከርም። ለመልክ ተብሎ በማያም እግር ላይ ህመም መፍጠር ሊሆን ይችላል። ቆንጆ ጠባብ ጫማ ለማድረግ ያሰበ ሰውም ቢሆን፣ ከኦፕሬሽን በኋላም ሰፊ ጫማ እንደሚመከር ይወቅ።

አልፎ አልፎ የሚያማቸው፣ ገንዘብ የሚያጥራቸው። ያለውን ገንዘብ በሙሉ አንድ ጥሩ ሰፊ ጫማ ላይ ያውሉት። ከተረፈ መከላከያ ይጨምሩ። ማሰሪያውን ይተዉት።

በተስማሚ ጫማም ወራት ቆይተው ህመሙ ያልለቀቃቸው። እነዚህ ናቸው ስለ ኦፕሬሽን ከልብ መነጋገር ያለባቸው። በተለይ እንቅልፍ የሚነሳ፣ አካሄድ የሚያዛባ፣ ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ፣ ወይም ሁለተኛው ጣት እየተነባበረ ከመጣ መዘግየት ሥራውን ያከብደዋል።

ታዳጊዎች። አጥንታቸው እድገቱን ሳይጨርስ ኦፕሬሽን ከተደረገ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ መጠበቅን ይመርጣሉ።

ስኳር ያለባቸው ወይም የእግር ደም ዝውውር የደከመባቸው። ለእነዚህ ጫማው ከሁሉም ይቀድማል፤ ቆዳ እንዳይከፈት። ኦፕሬሽን የሚታሰበው ደም ዝውውሩና የስኳር መጠኑ በደንብ ከታዩ በኋላ ነው።

በዕድሜ የገፉ። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ለሳምንታት በተረከዝ ሲራመዱ የመውደቅ አደጋና ቤት ውስጥ የሚረዳ ሰው መኖሩ ግን በቅድሚያ ይታሰብ።

## ከሐኪሙ ጋር ሲቀመጡ

የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አዘውትረው የሚያደርጉትን ጫማ ይዘው ይሂዱ። አንዳንዴ ጫማውን ማየት ብቻ ውይይቱን ይቀይረዋል። ራጁ ቆመው እንዲነሳ ይጠይቁ። ከዚያ እነዚህን ሳያፍሩ ያንሱ፦ የትኛውን ዓይነት ነው የሚሠሩልኝ? ለምን እሱን መረጡ? እንዲህ ዓይነቱን በዓመት ምን ያህል ይሠራሉ? መቼ ነው ሙሉ በሙሉ የምረግጠው? ብሎኑ ይወጣል ወይስ ይቀራል? ሁለቱም እግሮቼ ናቸው፤ አንድ ላይ ወይስ ተራ በተራ? ተመልሶ ቢመጣ ቀጣዩ ምንድን ነው?

አንድ ደግሞ ይጨምሩ፦ «አሁን ምንም ባላደርግ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ምን ይሆናል?» ህመሙ የሚቻል ከሆነ፣ መልሱም «ቀስ ብሎ ሊጨምር ይችላል፣ አደጋ ግን የለውም» ከሆነ፣ በየዓመቱ በራጅ እየተከታተሉ መቆየትም ሙሉ ውሳኔ ነው። መልሱ «ሁለተኛው ጣት እየተነሳ ነው፣ መገጣጠሚያውም እየተበላ ነው» ከሆነ ግን የሚመችዎትን ወር ከቤተሰብዎና ከአሠሪዎ ጋር ተማክረው ቀን ያስቆርጡ።